መጨረሻ የሚሰማ ሰው

ካርቱም ሁለት፣ ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሐመልማል፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ መብራት ሲጠፋ እየጠፋሁ፣ ሲመጣ እየመጣሁ አለሁ።

መጽሐፍ ማውጣት ለምን እንደፈለግኩ ጠይቀውኛል። ሱቄ ካርቱም ሁለት ውስጥ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላ፣ የፀጉር ቅባት እሸጣለሁ። አል-ጣኢፍ ሰፈር በየሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ዓርብ ሲለቀቁ ሊገዙ ይመጡና ወሬያቸውን ትተውልኝ ይሄዳሉ። ወደ ሊቢያ የሚሻገሩት ወንዶች ደግሞ ሻንጣቸውን «አስቀምጪልን» ይሉኛል፤ ባለቤቱ ሳይመለስ የቀረ ሻንጣ አለ። ማታ ሱቅ ስዘጋ ያየሁትን እጽፋለሁ። ለመተከዝ ብዬ አይደለም። ያልተጻፈ ነገር እንዳልነበረ ስለሚቆጠር ነው።

አሁን ደብተሮቹ በዙ። ከተማው ደግሞ አላማረኝም። ሰልፍ፣ ወታደር፣ ወሬ። ሰዉ ሁሉ አንድ እግሩን አንሥቶ የቆመ ይመስላል። ዕቃ ሳይበላሽ በጊዜው ይወጣል፤ ይህም ይውጣ።

የእኔ ጥያቄ ደግሞ ይኸው። ዕቃዬን ለጫኝ ከመስጠቴ በፊት የማን ልጅ እንደሆነ አጠይቃለሁ። እርስዎ ማን ነዎት? ይህን ሙያ ከማን ተማሩት? የሰው ጽሑፍ እጅዎ ሲገባ ምን ያደርጉታል? ይህንኑ ልጠይቅ ብደውል «ይጻፉልኝ» ብለው ዘጉብኝ። ደንበኛ ላይ ስልክ የሚዘጋ ነጋዴ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ዕቃውን የሚያውቅ ነው። የትኛው እንደሆኑ ይንገሩኝ።

ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ልኬዋለሁ።

ዘሊካ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዘሊካ፣

እንደምን ሰነበቱ? ስልኩን ስለዘጋሁብዎ ይቅርታ ይደረግልኝ። በስልክ ያወራኋቸው ደራሲዎች መጽሐፋቸውን በአፋቸው ይጨርሱታል፤ ለወረቀቱ የሚተርፍ አያገኙም። ስለዚህ ከማንም ጋር በደብዳቤ ብቻ ነው የምሠራው።

የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀዋል። የማተሚያ ቤት ልጅ ነኝ። ገና በወጣትነቴ የተቀጠርኩት እርማት ክፍል ነበር። ሁለት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ የታተመውን በዓይኗ ትከተላለች። ስሕተት በዓይን ያልፋል፣ በጆሮ ግን ይሰነቀራል። ከማንም አስተማሪ ይልቅ ያ ክፍል አስተምሮኛል።

ኋላ የአንድ ድርጅት አርታኢ ሆንኩና ጎበዝ ነሽ ተባልኩ፤ ያ አበላሸኝ። አንድ ጡረተኛ የሕይወት ታሪካቸውን አምጥተውልኝ አስጌጥኩላቸው። ያላሉትን ጥበብ አናገርኳቸው፣ ያላለቀሱትን አስለቀስኳቸው። በምረቃው ዕለት ባለቤታቸው አንዱን ገጽ ሰምተው «ይህ ደግሞ የማን ባል ነው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በሰው ጽሑፍ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም። በአረንጓዴ ብዕር በኅዳጉ ላይ እጠይቃለሁ፤ የሚመልሰው ደራሲው ነው።

ከድርጅቱ ያስወጣኝ ግን ሌላ ነው። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንዲት ጎረቤት ጥቂት መስመር ነበር። ሴትየዋ ስለራሷ የተጻፈውን የሰማችው ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ አንብቦት ሲያበቃ ነው። አልፌው የነበርኩት እኔ ነኝ። አሁን በራሴ ስሠራ አንድ ደንብ አለኝ። በሕይወት ያለ ሰው በስሙ ከተጻፈ፣ ደራሲው ያንን ምዕራፍ ፊት ለፊት ያነብለታል። ሰውየው ይስማማ አልልም። ይስማ ነው የምለው። ስለራሱ መጨረሻ የሚሰማ ሰው አይኑር።

ይህ ካልከበደዎ ደብተሮቹን ይላኩ። ከከበደዎ ሌሎች ጥሩ አርታኢዎች አሉ፤ ስማቸውን እሰጥዎታለሁ።

ሐመልማል


ካርቱም ሁለት፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐመልማል፣

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ኩብሪዎቹን ሲዘጉና ሲከፍቱ ሰነበቱ። ድልድይ ሲዘጋ እኔ ዕቃ እቆጥራለሁ፤ እጄ ሥራ ካላገኘ ሐሳቤ አይቀመጥም። «እርስዎ» የሚሉኝን ይተዉት፤ አንቺ ይበሉኝ፣ ታላቄ ነዎት።

ደንብዎ መጀመሪያ አሳቀኝ። በርበሬዬን ከመሸጤ በፊት ለበርበሬው ላማክረው? ግን ሞከርኩት። ልብስ ሰፊው ሙሄዲን ከሱቄ አጠገብ ነው። «ስለ አንተ የጻፍኩትን ላንብብልህ» አልኩት።

«ወይ አላህ! ምን አጠፋሁ?»

«ዝም ብለህ ስማ።»

የስፌት መኪናውን አቁሞ ሰማኝ። የደንበኛ ጨርቅ ቁራጭ እንደሚያስቀር የጻፍኩት ላይ ስደርስ እጁን አነሣ።

«ቁራጭ አልሰርቅም። ቁራጩ ራሱ እኔ ጋ ይቀራል።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልዩነቱማ አለው። ሌባ ማለትሽ ካልቀረ ግን፣ ጎበዝ ሌባ በይ። ደግሞ የማነክሰው በቀኜ ነው። አንቺ ግራውን አሳንክሰሽኛል።»

ተነሥቶ በሱቄ ፊት ወዲህ ወዲያ ሄደልኝ። እውነቱን ነው፤ በቀኙ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በየቀኑ እያየሁት በተሳሳተ እግሩ አሳንክሼዋለሁ። ያን ዕለት ደንብዎን አመንኩ።

የቀሩትንም አንብቤላቸዋለሁ። አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ ስሙን እንድቀይር ለመነኝ፣ ቀየርኩለት። የቀረ አንድ ምዕራፍ ነው። ኒዕማ የምትባል የሱቅ ሸሪኬ ነበረች፤ አሁን ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ትኖራለች፤ አንነጋገርም። ምዕራፉን ልኬልዎታለሁ፣ ምክንያቱን እዚያው ያገኙታል። ለእሷ ግን አላነብም። በዚህች አንድ ነገር ደንብዎን ያጥፉልኝ።

ዘሊካ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዘሊካ፣

እንደምን ሰነበትሽ? «አንቺ» እያልኩሽ ነው፤ ስለዚህ ደፈር ብዬ እጽፋለሁ።

ምዕራፉን ለራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወሎ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ተቋርጦ በነበረበት ወራት ወንድምሽ ተውፊቅ በኩላሊት ሕመም ዐረፈ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ካርቱም ሲገባ መጀመሪያ የሰማችው ኒዕማ ናት። መርዶውን ያዘችው፤ ሌላውንም ሰው ዝም አሰኘችው። አንቺ ሱቅሽን ከፍተሽ ስትስቂ፣ ሠርግ ሄደሽ ሂና ስትቀቢ ሰነበትሽ። ያወቅሽው ሰው ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው። «ሂናው እስኪደርቅ እጄን ይዛ የተቀመጠችው ኒዕማ ነበረች። እጇ አልተንቀጠቀጠም» ብለሽ ጽፈሻል። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የሚከብድ ዐረፍተ ነገር የለም።

በአረንጓዴ የጠየቅኩሽ ይህን ነው። አልተንቀጠቀጠም ያልሽው እጅ፣ እንዴት ዐወቅሽ? መርዶውን ይዛ የሰነበተችባቸው ቀናት የእሷም ቀናት ናቸው፤ እንዴት ዋለች? እንዴት አደረች? ምዕራፉ ውስጥ የሉም። ደግሞ «ብሰማም አልሄድም ነበር፤ እኔ መዝኜ የምሄድ ሰው ነኝ» ብለሻል። በሌላው ምዕራፍ ግን ገዳሪፍ የተያዘብሽን በርበሬ ለማስለቀቅ በክረምት፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረሽ ሄደሻል። ለበርበሬ የሄድሽ ለወንድምሽ ትቀሪ ነበር?

ደንቡን አላጥፍልሽም። የተበደልሽው መጨረሻ በመስማትሽ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ካርቱም ያለ ሐበሻ ሁሉ ያነበዋል፤ ከዚያ ለኒዕማ ይደርሳታል። እሷ ያደረገችብሽን ልታደርጊባት ነው፤ ያውም በማተሚያ ቤት።

ሐመልማል


ካርቱም ሁለት፣ የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሐመልማል፣

ወንድሜን ከበርበሬ ጋር በአንድ ሚዛን አስቀመጡት። ሌላ የምለው የለኝም። ደብተሮቼን ይመልሱልኝ።

ዘሊካ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዘሊካ፣

ስለ በርበሬው ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥያቄ ሲሳል ሰው እንደሚቆርጥ እያወቅኩ ሳልኩት። ገጾችሽ በሙሉ ታሽገው ተዘጋጅተዋል፤ በማን እጅ ልላክልሽ? ሌላ አርታኢ ጋ ብትሄጂ አይከፋኝም፤ ምዕራፉ እንዳለም ይወጣልሻል፣ ይሸጥማል።

ጥያቄዎቹን ግን አላጠፋኋቸውም። ላጥፋቸው ብል ወረቀቱ ይቀደዳል።

ረመዳን እየቀረበ ነው፤ መልካም ጾም ይሁንልሽ። እኛም ዐቢይ ጾም ይዘናል።

ሐመልማል


ካርቱም ሁለት፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐመልማል፣

ገጾቹን አይላኩ። መልስ ሳልሰጥዎ ከረምኩ፤ ጾሙ ነው ልበል? ውሸት ይሆናል። ተናድጄ ነበር። ንዴቴ ሲወጣ ጥያቄው ቀረ፤ እንደ እሾህ አላስተኛ አለኝ።

ከተማው ተነፍቷል። ወታደሩ በዛ። አንዱ መኪና ወዲህ፣ አንዱ መኪና ወዲያ ቆሞ ይተያያል። ሙሄዲን «ምንም አይመጣም፣ ኢንሻአላህ» ይላል፤ የስፌት መኪናውን ግን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧል። እኔም ዕቃ ማስመጣት አቁሜያለሁ። ልሂድ እላለሁ፣ ልቆይ እላለሁ። በዚህ መሐል አንድ ነገር ቢመጣና ድልድዩ ቢዘጋ፣ ያ ምዕራፍ ሳይነበብ እንደሚቀር ሳስበው ከሱቄ ይልቅ እሱ አሳሰበኝ። ሒሳቤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

የኒዕማ ታናሽ ወንድም ኦመር አል-ጣኢፍ ሰፈር ዘበኛ ነው። እኔና እሷ ስንጣላ እሱ አልተጣላኝም፤ ዓርብ ዓርብ ብቅ ይላል። «እትዬ ዘሊካ፣ ሁለታችሁን ሳላስታርቅ ሚስት አላገባም» እያለ ይቀልዳል። እሱን ላክሁት። ይዞ የተመለሰው መልስ «በማፍጠሪያ ሰዓት ትምጣ፤ እጇ ባዶ ይሁን» የሚል ነው። ስጦታ ይዤ እንዳልመጣ ነው። እንደ ነጋዴ እንዳልመጣ።

ነገ ዓርብ ነው፤ ለእናንተም ስቅለት። ዐሥር ሰዓት ላይ ወደ ባሕሪ በሃፍላ አውቶቡስ እሻገራለሁ። ምዕራፉን ብቻ ይዣለሁ። ዱዓ ያድርጉልኝ።

ዘሊካ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዘሊካ፣

የት ነሽ? ቅዳሜ ጠዋት የጦርነቱን ወሬ ስሰማ ለፋሲካ ገበያ ወጥቼ ነበር። የያዝኩትን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ስልክሽን ደወልኩ። አዎ፣ እኔ ደወልኩ፤ ደንቤን እኔው ሰበርኩት። አይሠራም።

ተመልሰሽ ነበር? ወይስ እዚያው አደርሽ? ወደዚያ ድልድይ የላክሁሽ እኔ ነኝ። ይህ ከደረሰሽ አንዲት ቃል ብቻ ጻፊልኝ።

ሐመልማል


ወድ መደኒ፣ ግንቦት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐመልማል፣

አለሁ። ከኒዕማ ጋር ነኝ። መልእክቶችዎን ሁሉ ኔትወርክ ያለበት እዚህ ስንደርስ አገኘኋቸው። እርስዎ አላኩኝም፤ እግሬ ነው የሄደው። እንዲያውም ሱቄ ያለበት መንገድ ምን እንደሆነ ስሰማ፣ ባሕሪ ማደሬ ነው ያተረፈኝ።

ዓርብ ማታ አነበብኩላት። በቴምርና በውኃ አፈጠርን፣ ሰገድን፣ ከዚያ አነበብኩ። ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ ሰማችኝ። ስጨርስ «የሂናውን ድገሚው» አለችኝ፤ ደገምኩት። «መልስ አለኝ። ዛሬ ግን ደክሞኛል፤ እዚህ እደሪ፣ ነገ እነግርሻለሁ» አለች። ነገ የሆነውን ያውቁታል። መልሷን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ምዕራፉም እዚያው ቤት ቀረ።

አሁን የምለምንዎትን በጥሞና ያንብቡልኝ። ስለ ኦመር ደኅንነት በቴሌግራም ጠይቀውኛል። ከእንግዲህ ስሙን አይጻፉ። ስልኬን ስተኛ ኒዕማ ትይዘዋለች፤ የእሷ ከተበላሸ ሰነበተ። ሙሄዲን ባሕሪ ሳለን፣ መስመር ለጥቂት ተከፍቶ፣ ደውሎልኝ ነበር። እሷ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ይህንንም እንደላክሁት ከስልኬ አጠፋዋለሁ።

ስኳር አለባት፤ መድኃኒቷ አልቆ በሩፋዓ በኩል ስንመጣ እግሯ አብጦ ነበር። ብትሰማ ወደ ኋላ እንደምትመለስ ዐውቃለሁ። ድልድይ ዝግ ነው፣ ጥይት ነው ብላት የምትሰማ አይደለችም። «ኦመር እኮ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ ይረሳል» ትለኛለች ጠዋት ጠዋት። «አዎ፣ ይረሳል» እላለሁ። ማታ «እሱ ብልጥ ነው፣ ቀድሞን ገዳሪፍ ደርሶ ይሆናል» ትላለች። «ይሆናል» እላለሁ። ትናንት አንድ ቀልዱን አንሥታ ስትስቅ አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

በአረንጓዴ የጠየቁኝን ያስታውሳሉ? እንዴት ዋለች፣ እንዴት አደረች ብለው ነበር። ምግብ አይዋጥም። ዕንቅልፍ ሲመጣ ደግሞ ያስፈራል፤ ሰው በዕንቅልፉ ይናገር ይሆናላ። አብሮን የሚጓዝ ሐበሻ ሁሉ ሲቀርባት ቀድሜ እነሣለሁ፤ እያንዳንዱን ለብቻ ጠርቼ «ኸላስ፣ አፍህን ያዝ» ማለት አለብኝ። አሁን እንዲህ ነው የምውለው።

ዘሊካ


መተማ፣ ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐመልማል፣

ተሻገርን። አልሐምዱሊላህ።

የኦመርን መርዶ እንደ ወጉ አረዳናት። እዚህ ካሉት የአገር ልጆች ሽማግሌዎችና ሴቶች ለምኜ፣ ጎሕ ሳይቀድ ወዳረፍንበት ቤት አመጣኋቸው። ከሐኪም ጋር መክሬ መድኃኒቷን አስጀምሬያት ነበር። ሰዎቹ ሲገቡ አየቻቸው፤ ከእነሱ አልፋ እኔን አየችኝ። ምንም ሳይናገሩ ገባት። ጩኸቷን አልጽፈውም።

ከዚያ ፊቷን ከእኔ አዞረች። ሴቶቹ ያበሏት ነበር፣ እኔ ስሰጣት አትቀበልም። አንዷ «ዕወቂላት፣ ኀዘን ነው» አለችኝ። ኀዘን ብቻ እንዳልሆነ ዐውቅ ነበር። እኔ ስንት ጊዜ ፊቴን አዙሬባታለሁ? ስለዚህ ከጀርባዋ ተቀመጥኩ። ወደ ሱቅ የምትሮጥ ሴት ነበርኩ፤ አሁን የምሮጥበት የለኝም። መኪና ሲያልፍ እነሣለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሲጥል እንግዳ ሰው እንደምትጠይቅ ሆና «መቼ ነው የሰማሽው?» አለችኝ። ፊቷን አላዞረችም።

«ባሕሪ። ውኃ ልትቀጂ የወጣሽ ዕለት።»

«መደኒ ስስቅ ታውቂ ነበር።»

«ዐውቅ ነበር።»

«አብረሽኝ ሳቅሽ።»

«ሳቅኩ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። የምትሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«የሂናውን ንገሪኝ» አለች።

«ወረቀቱ እኮ ባሕሪ ቀረ።»

«በቃልሽ ነው የምልሽ። አንቺ የጻፍሽውን አንቺ ትረሺዋለሽ?»

አልረሳሁትም። «ሂናው እስኪደርቅ እጄን ይዛ የተቀመጠችው ኒዕማ ነበረች። እጇ አልተንቀጠቀጠም» አልኩ።

ያን ጊዜ ዞረች። እጄን ወስዳ በሁለት እጇ ያዘችው፤ እንደ ያኔው። አጥብቃ ያዘችው።

«ይህ ነው መልሴ» አለችኝ። «ያኔ አንቺን ልይዝሽ ብዬ አልነበረም እጅሽን የያዝኩት። የእኔ እንዳይታይ ነው። ሂናሽ ላይ ተጭኜ ደበቅኩት። አሁንስ ይታወቅሻል?»

ይታወቀኝ ነበር። በያዘችኝ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም።

እትዬ ሐመልማል፣ የምዕራፉ ቅጂ እርስዎ ጋ አለ። እንዲህ ያድርጉልኝ። የእኔን ዐረፍተ ነገር አይሰርዙት፤ ያኔ ያየሁት እሱን ነው። ከሥሩ የእሷን መልስ እንዳለ ያስገቡልኝ። ስለ ኦመር ግን ገና አልጻፍኩም። ስጽፍም መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት፤ እርስዎ ቀጥለው ይሰማሉ። እስከዚያ መጽሐፉ ይቆይ። ዕቃ በጊዜው ካልወጣ ይበላሻል ብዬዎት ነበር። ይህ አይበላሽም።

ዘሊካ

ከሥር የጨመርኩት፦ ይህን ደብዳቤ ፎቶ ከማንሣቴ በፊት ለኒዕማ አነበብኩላት። «ጩኸቷን አልጽፈውም» በማለቴ «ደግ አደረግሽ» ብላለች። ዝናቡ ግን ከሰዓት በኋላ አልነበረም፣ ረፋድ ላይ ነው ትላለች። እሷ ካለች ረፋድ ነው።